ተራ ቁጥር ሃምሳ ስምንት

በታሪክ ፊት የሚቆም ትምህርት ቤት ጥቂት ነው። የእኛ ግን ቆሟል፤ ምንም እንኳ በምሥራቅ በኩል ያለው ግድግዳ በ2005 ዓ.ም ክረምት ቢወድቅም። ስሙን መጥቀስ ራስን ማስተዋወቅ እንዳይመስልብኝ እተወዋለሁ። ከጋሸና ወደ ላሊበላ ከሚያመራው መንገድ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ገባ ብሎ፣ ነፋስ በማይለየው ደጋ ላይ የሚገኝ፣ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል የሚያስተምር ትምህርት ቤት ነው ብል ይበቃል። እኔ የሦስተኛ ክፍል መምህርና የስብሰባዎች ሁሉ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርሁ። የምናገረው ሁሉ በቃለ ጉባኤ የሰፈረ ነው። ያልሰፈረም ካለ፣ ያልሰፈረው እንዳይጻፍ ስለታዘዝሁ ብቻ ነው።

በ2008 ዓ.ም ጥቅምት መግቢያ ላይ «ጧፍ» የተባለው የኦንላይን መማሪያ መድረክ ወደ ትምህርት ቤታችን ገባ። ገባ ስል፣ በወረዳው መኪና የገቡት አሥራ ሁለት ታብሌቶችና አንድ ሶላር ናቸው። ጧፍ ራሱ ኢንተርኔት ውስጥ የሚኖር በመሆኑ ሊመጣ አልቻለም። የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አቶ ሙሉሃብት ወላጆችን በግቢው ወይራ ሥር ሰብስበው አንድ ሰዓት ከሩብ የፈጀ አጭር ንግግር አደረጉ። ተማሪ ወደ ትምህርት የሚሄድበት ዘመን አብቅቶ ትምህርት ወደ ተማሪ የሚመጣበት ዘመን መጀመሩን አበሠሩ። የአራተኛ ክፍል ልጆቻችን ከእንግዲህ ከዓለም ልጆች ጋር በአንድ መድረክ ላይ እኩል እንደሚቀመጡም ተናገሩ። ልጆቹ በዚያን ጊዜ የተቀመጡት ድንጋይ ላይ ነበር።

የወላጆች ኅብረት ሰብሳቢ ቄስ ገብረ ዮሐንስ ተነሥተው፣ ኢንተርኔት የሚባለው ነገር በዚህ አገር አለ ወይ ሲሉ ጠየቁ። አቶ ሙሉሃብትም የመሠረተ ልማቱ ጉዳይ በሂደት ላይ መሆኑን፣ ኔትወርክ እንደ ውሃ በቦይ የሚመጣ ሳይሆን በሰማይ ያለ ነገር መሆኑን በትዕግሥት አስረዱ።

ቄሱ «ላም አለኝ በሰማይ» አሉና ተቀመጡ።

ሕዝቡ ሳቀ። አቶ ሙሉሃብት ግን ገንቢ አስተያየት ለይተው የሚያውቁ ሰው ስለሆኑ አመስግነው በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ አዘዙኝ። እኔም «ኔትወርኩ በሰማይ ስለመኖሩ በሃይማኖት አባት ተረጋግጧል» ብዬ ጻፍሁ።

የጧፍ አሠራር ቀላል ነው። ተማሪው በስሙና በይለፍ ቃሉ ይገባል፤ የዕለቱን ትምህርት ያነባል፤ አሥር ጥያቄ ይመልሳል። ያን ጊዜ ስሙ አረንጓዴ ይሆናል። ያልገባ ተማሪ ስሙ ቀይ ይሆናል። አረንጓዴውንና ቀዩን አቶ ሙሉሃብት ወረዳው ከተማ ካለው ቢሯቸው ሆነው ያዩታል። ቀድሞ አንድ ኃላፊ ልጆች መማር አለመማራቸውን ለማወቅ አቀበት መውጣት ነበረበት። አሁን ወንበሩን ዞር ማድረግ በቂ ሆነ።

ሃምሳ ስምንት የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች ተመዘገቡ። የመጨረሻዋ ንጋት አረጋ ነበረች። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት፤ በምዝገባው ዕለት ከምንጭ ውሃ ቀድታ እስክትመጣ ሌሎቹ ሁሉ አልቀው ስለነበር ተራ ቁጥር ሃምሳ ስምንት ደረሳት። ሦስተኛ ክፍል ያስተማርኋት እኔ ነኝ። ድምፅዋ ቀስ ያለ ነው፤ ስታነብ ግን ከኋላ ያለው ሁሉ ጸጥ ይልላታል።

ኔትወርኩን ያገኘው ዘበኛችን ጋሽ የሻው ነው። ቀይ ገደል በተባለው ተራራ አፋፍ ላይ ቆሞ ሳለ እህቱ ከወልድያ ብትደውልለት ስልኩ ጮኸ። በማግሥቱ ርእሰ መምህራችን አቶ አድማሴ የአራተኛ ክፍልን ትምህርት ወደ ቀይ ገደል አዛወረ። ጉዞው ሲወጡ አንድ ሰዓት ነው። ሃምሳ ስምንቱ ልጆች በነጠላቸው ተሸፋፍነው እየተንቀጠቀጡ ይወጣሉ፤ አሥራ ሁለቱ ታብሌት በወረፋ ይዳረሳል፤ ግማሾቹ የይለፍ ቃላቸውን ይረሳሉ፤ ጉሙ ሲመጣ ኔትወርኩ ይሄዳል፤ እነሱም ይወርዳሉ።

የክፍሉ መምህርት ይማርሽ የፍላቂት ልጅ ናት። ብዙ አትናገርም። አንድ ሳምንት ከልጆቹ ጋር ወጥታ ወረደችና፣ አወጣጡ ጠዋቱን፣ አወራረዱ ቀኑን እንደሚበላው፣ በመካከል የሚቀረው ደግሞ ነፋስ ብቻ እንደሆነ ለርእሰ መምህሩ ነገረችው። ከዚያ በኋላ ልጆቹን ወደ ክፍል መልሳ በጠመኔ ማስተማር ጀመረች። ይህ ዓይነቱ ኋላ ቀርነት ቶሎ ይጋለጣል። በሦስተኛው ሳምንት ከወረዳው ደብዳቤ መጣ፤ ትምህርት ቤታችን ዝግ መሆኑን ከመድረኩ ስለተረዱ ምክንያቱ በሦስት ቀን ውስጥ እንዲገለጽ ይጠይቃል።

አቶ አድማሴ ትምህርት ቤቱ ክፍት እንደሆነና ልጆቹም እየተማሩ እንደሆነ ጽፎ ላከ። መልሱ ፈጥኖ መጣ። ልጆቹ የሚማሩ ከሆነ የት እንደሚማሩ ይገለጽ ይላል። በክፍል ውስጥ ሲል ጻፈ። «በክፍል ውስጥ መማር በዘንድሮው ዕቅድ ያልተካተተ መሆኑን እየገለጽን፣ ለግምገማ እንዲቀርቡ እናሳስባለን» የሚል ሦስተኛ ደብዳቤ ደረሰው።

አቶ አድማሴ ግምገማ ሁለት ቀን ተቀምጦ ተመለሰ። ሄዶ የነበረው ሰው ተራ ርእሰ መምህር ነበር፤ የተመለሰው ግን የአመለካከት ችግር እንዳለበት በገዛ አንደበቱ ያመነ፣ ድክመቱን ወደ ጥንካሬ የለወጠ ሰው ነው። ፊቱ ግን አመድ መስሎ ነበር። አራት ልጆች አሉት፤ ከሥራ ቢወርድ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። በማግሥቱ ጋሽ የሻውን ቢሮ ጠርቶ በሩን ዘጋ። እኔ ቃለ ጉባኤ ለመያዝ ገባሁ፤ ወዲያው እንዳልይዝ ተነገረኝ።

የተወሰነው ይህ ነው። ጋሽ የሻው ከነገ ጀምሮ በየቀኑ ሁለት ታብሌትና የይለፍ ቃል ደብተር ይዞ ቀይ ገደል ይወጣል፤ በሃምሳ ስምንቱም ልጆች ስም እየገባ ይማርላቸዋል።

ጋሽ የሻው ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው። ከመሠረተ ትምህርት በቀር በትምህርት ቤት ደጅ አላለፈም፤ ያለፈው በዘበኝነት ነው። ይህ ነገር ነውር የለበትም ወይ ብሎ ጠየቀ።

«ውክልና ነው፣ ጋሽ የሻው» አለው አቶ አድማሴ። «ሰው ፍርድ ቤት እንኳ ይወክላል።»

«ፍርድ ቤት የተወከለ ሰው ቢፈረድለት የሚጠቀመው ባለ ጉዳዩ ነው። እዚህስ የተማርሁት እኔ ጋ አይቀርም ወይ?»

አቶ አድማሴ ይህን ጥያቄ በሂደት እንደሚመልስለት ነገረው።

እንግዲህ ስለ ጋሽ የሻው ትጋት ሳልናገር ባልፍ እግዜርም አይወደው። በየማለዳው ታብሌቶቹን በስልቻ አንጠልጥሎ፣ ጋቢውን ደርቦ ይወጣል። ነፋስ በማይነካው አንድ ቋጥኝ ሥር ተቀምጦ ከተራ ቁጥር አንድ ይጀምራል። በመጀመሪያው ልጅ ስም ከአሥሩ ሦስት ወይም አራት ያገኛል፤ ግን ጥያቄው ለሁሉም አንድ ነውና ሃያኛው ላይ ሲደርስ ሰባት፣ አርባኛው ላይ ዘጠኝ እያለ ይሄዳል። ሃምሳ ስምንተኛዋ ንጋት ላይ ሲደርስ የሚሳሳተው ነገር አይኖረውም። የክፍልፋይ ቁጥሮችን የቀሰመው በዚህ መንገድ ነው። ጥር ላይ ስለ ውሃ ዑደት ሲያወራ ሰምቼዋለሁ፤ እኔ ከማስተምረው አብልጦ ያውቀዋል።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ትምህርት ቤታችን ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ሆነ። የምስጋና ደብዳቤ መጣልን። ይማርሽም ማንም ስለማይፈልጋት ክፍሏን ዘግታ በጠመኔ ታስተምር ነበር።

በዚያ ዓመት በልጉ ቀርቶ ክረምቱም ከመንገድ ተመልሶ ነበር። ገብሱ በአውድማ ላይ አፈር ሆነ። ኅዳር ሊወጣ ሲል የንጋት አባት አረጋ ልጁን ወደ ጋሸና ወሰዳት። እህቱ አሰለች መንገድ መገናኛው ላይ ምግብ ቤት አላት፤ ለገና ላሊበላ የሚወርደው ምዕመን መንገዱን ሲሞላው እቃ የሚያጥብላት ሰው ቸግሯት ነበር። እስከ ገና ብቻ ነው ተባለ። ገና አለፈ፤ ጥምቀት አለፈ፤ ንጋት አልተመለሰችም።

ይማርሽ ቀድሞውንም ዝም አላለችም። ልጅ ከትምህርት ሲቀር የሚሞላ ቅጽ አለ። ቅጹ ወረዳ ሲደርስ ወረዳው ለቀበሌው ይጽፋል፤ ቀበሌውም ወላጁን ጠርቶ ልጁን ያስመልሳል። ታኅሣሥ ላይ ቅጹን ሞልታ ላከች። መልሱን እኔ ነኝ ከፍቼ ያነበብሁላት። የተጠቀሰችው ተማሪ በየቀኑ በመድረኩ ላይ እየተማረች መሆኑ፣ እንዲያውም ከክፍሏ አንደኛ መሆኗ ስለተረጋገጠ፣ አቋርጣለች መባሉ ተቀባይነት የለውም ይላል። በግርጌው መምህርቷ ተማሪዎቿን በቅርበት እንድትከታተል ተመክራለች።

ደብዳቤውን ይዛ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ገባች። ስለ ሌሎቹ ምንም እንደማትል፣ ይህችን አንዲት ስም ብቻ ግን ጋሽ የሻው እንዲተዋት ለመነችው።

«አንድ ቀይ ከታየ ለምን ይባላል» አላት። «ለምን ከተባለ ደግሞ ሁሉም ነገር ይወጣል።»

«እኔም እኮ ለምን እንዲባል ነው የፈለግሁ።»

አቶ አድማሴ ስለ አራት ልጆቹ ነገራት። እሷም ሰምታ ወጣች።

ቅዳሜ ጋሸና ወርዳ አሰለችን አነጋገረች። አሰለች ክፉ ሴት አይደለችም። ልጅቱን በአደራ የሰጣት አባቷ መሆኑን፣ እዚያ እህል እንደሌለ፣ መንግሥት ትመለስ ካለ ግን እንደማትከለክል ነገረቻት። ንጋት በጓሮ ድስት ስታሽ ነበር፤ እጇ በአመድ ተልጦ ነበር። መምህርቷን ስታይ እጇን ከቀሚሷ ሥር ደበቀችው። ስንተኛው ገጽ ላይ ደርሳችኋል ብላ ብቻ ጠየቀች።

ይማርሽ ስትመለስ በቀጥታ ወደ ጋሽ የሻው ሄደች።

«ጋሽ የሻው፣ ተራ ቁጥር ሃምሳ ስምንት ማን እንደሆነች ያውቃሉ?»

«ንጋት አረጋ ናት። ጎበዝ ናት።»

«ጋሸና ሰሃን ታጥባለች። ሁለት ወር ሊሆናት ነው።»

ጋሽ የሻው ስልቻውን ከትከሻው አወረደ። ልጆቹ ሁሉ ከሥር ከሷ ዘንድ የሚማሩ መስሎት እንደነበር፣ እሱ የወረቀቱን ጣጣ ብቻ እያቃለለ እንደሆነ ያስብ እንደነበር ነገራት። በማግሥቱ ቀይ ገደል ወጥቶ እስከ ሃምሳ ሰባት ድረስ ሠራና ታብሌቱን ዘጋ።

ንጋት ከትምህርት ገበታ ከጠፋች ሁለት ወር እስኪሆናት ድረስ ወደ ትምህርት ቤታችን የመጣ ሰው አልነበረም። ስሟ ቀይ በሆነ በማግሥቱ ግን አንድ የወረዳ ሱፐርቫይዘር በሞተር ብስክሌት አቀበቱን እያስጓራ መጣ። መንግሥታችን ለአንዲት ገጠሬ ልጅ ይህን ያህል እንደሚጨነቅ ያየሁት ያን ዕለት ነው። ሱፐርቫይዘሩ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ታብሌቶቹን አንድ በአንድ ፈተሸ። ስለ ልጅቱ አልጠየቀም። ታብሌቶቹ ደህና መሆናቸውን አረጋግጦ፣ ችግሩ የክትትል ማነስ መሆኑን ጽፎ፣ አቶ አድማሴን የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ አስፈርሞ ሄደ። አቶ አድማሴ ዕለቱን ጋሽ የሻው ቤት ድረስ ሄዶ እግሩ ላይ ሊወድቅ ቃጣው። ጋሽ የሻው የሰው እንባ አይችልም። በማግሥቱ ሃምሳ ስምንትም ተሠራ።

የካቲት ላይ የመጀመሪያው መንፈቅ ውጤት ወጣ። ተማሪ ንጋት አረጋ በጧፍ ከሚማሩት የዞኑ ተማሪዎች ሁሉ አንደኛ ወጣች። አቶ ሙሉሃብት የምስክር ወረቀቱን በመስታወት አሠርተው፣ አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ አስከትለው፣ ከትምህርት ቤታችን ምርጥ ተሞክሮ ለመቀመር ተነሡ። የሚያገናኘው ጥርጊያ መንገድ ስለሚያሳስት መኪናውን እንድመራ ጋሸና ወርጄ እንድጠብቃቸው ተላክሁ።

እንግዶቹ እርቧቸው ነበርና መጀመሪያ ምሳ ይበላ ተባለ። መገናኛው ላይ ወዳለው የተሻለ ምግብ ቤት ገባን፤ የአሰለች ነው። ጥብስ ታዘዘ። እጅ የምታስታጥብ ልጅ ጆግና ሳፋ ይዛ ከጓሮ መጣች።

ንጋት እኔን ስታይ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ። እኔም አንገቴን ነቀነቅሁ። ማን እንደሆነች ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር፤ አጀንዳ ግን አልተያዘም ነበር።

አቶ ሙሉሃብት ሕዝባዊ ሰው ናቸው፤ ከሠራተኛ ጋር ያወራሉ። እጃቸውን እያሹ ትማር እንደሆነ ጠየቋት። አራተኛ ክፍል ነበርሁ አለቻቸው። «ነበርሁ» የሚባለው አስተሳሰብ አገራችንን ወደ ኋላ ያስቀረ መሆኑን ነገሯት። የሷ እኩያ የሆነች አንዲት የገበሬ ልጅ በዘመናዊ ትምህርት ዞኑን ስትመራ፣ እሷ እዚህ ሳፋ ይዛ መቆሟ የቁርጠኝነት ማነስ እንደሆነም አስረዷት። ምሳሌ እንዲሆናት ብለውም የምስክር ወረቀቱን ከቦርሳ አስወጥተው አሳዩዋት።

ንጋት ጆጉን መሬት አስቀመጠች። የጽሑፉን መስመር በዓይኗ ቀስ ብላ ተከተለች። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ነበር።

«ይች እኔ ነኝ» አለች።

አቶ ሙሉሃብት ፈገግ አሉ። የአባትሽ ስም ማን ነው አሏት፤ ነገረቻቸው። ትምህርት ቤቷን ጠየቁ፤ ነገረቻቸው። የይማርሽን ስም፣ የአቶ አድማሴን ስም ጠራች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው እውነት ነው ወይ አሉኝ፤ እኔም አሁን ስለተጠየቅሁ አዎን አልሁ። ባለሙያው ገበታውን ይመለከት ጀመር።

ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር። አቶ ሙሉሃብት ግን በግምገማ የተፈተኑ ናቸው። ጥቂት አሰቡና፣ በቤቱ ስልክ ያለው ሰው እንዳለ ጠየቋት። አክስቷ ስልክ እንዳላት ነገረቻቸው። ፊታቸው በራ። በሥራ ላይ ያለች ልጅ ሰሃን እያጠበች በስልክ ተምራ ዞኑን መርታለች ማለት፣ መድረኩ ከታሰበለት በላይ ደርሷል ማለት እንደሆነ ለባለሙያው አብራሩለት። ስልኩ ቁልፍ ያለው ተራ ስልክ መሆኑን ባለሙያው በዝቅተኛ ድምፅ ቢያነሣም፣ ጉዳዩ ወደፊት በጥናት እንደሚታይ ተነገረው። ልጅቱ ሽልማቷን በገዛ ትምህርት ቤቷ እንድትቀበል መኪና ውስጥ ገባች። አሰለችም የመንግሥት መኪና የወሰዳትን እኔ ምን ከልክዬ አለች፤ ለመንገድ የሚሆን ዳቦ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠቻት።

ግቢው ስንደርስ ይማርሽ ልጅቱ ከመኪናው ስትወርድ አየች። ሄዳ አቀፈቻት። አቶ አድማሴ ደግሞ የወይራውን ግንድ ይዞ ቆመ።

አቶ ሙሉሃብት ሽልማቱ ከመሰጠቱ በፊት ተሞክሮው በተግባር ይታይ አሉ። ኔትወርክ ያለው ቀይ ገደል መሆኑ በትሕትና ተነገራቸው። ወጡ። ሁለት ጊዜ ተቀምጠው ሦስተኛውን በሰው ተደግፈው ወጡ። ወላጆችና ቄስ ገብረ ዮሐንስም ተከተሉ። ታብሌቶቹን በስልቻ ተሸክሞ ከፊት የሚመራው፣ እንደ ወትሮው፣ ጋሽ የሻው ነበር።

ንጋት ቋጥኙ ላይ ተቀመጠች። ታብሌት በእጇ ስትይዝ ከጥቅምት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። አሥሩን ጥያቄ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ እያነበበች መለሰች። ነፋሱ የሰውን ነጠላ ያራግብ ነበር። ስትጨርስ ከአሥሩ ስድስት አገኘች። ሦስት ወር ሙሉ ደብተር ሳትነካ ነው ስድስት ያገኘች። ይማርሽ ፊቷን ወደ ገደሉ አዞረች፤ ስታለቅስ እንዳናያት መሰለኝ።

ታብሌቱ ግን ጮኸ፤ ማያው ቀይ ሆነ። «ይህ አካውንት ባለቤቱ ባልሆነ ሰው እጅ ስለገባ ተዘግቷል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ባለሙያው እንዳስረዳው፣ ጧፍ እያንዳንዱን ተማሪ በአመላለሱና በፍጥነቱ ያውቀዋል። ከዘጠኝ ወርዳ የማታውቀው ንጋት በአንድ ጊዜ ስድስት ስታመጣ፣ ለዚያውም እያንዳንዱን ጥያቄ ስታነብ፣ ሌላ ሰው መሆኗን ደረሰበት። አካውንቱ የሚከፈተው እውነተኛው ባለቤት እንደ ወትሮው ሲመልስ ብቻ ነው።

ቄስ ገብረ ዮሐንስ ወደ ጋሽ የሻው ተመለከቱ። ቀጥሎ እኔ ተመለከትሁ። ጥቂት ቆይቶ ተራራው ላይ ያለው ሁሉ ጋሽ የሻውን ሲመለከት አቶ አድማሴ መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

ጋሽ የሻው እጁን በጋቢው ጠርጎ ታብሌቱን ከንጋት ተቀበለ። ጥያቄዎቹን ሳያነብ ማለት ይቻላል፣ ጣቱን አሥር ጊዜ አነሣና አሳረፈ። አሥር ከአሥር። ማያው አረንጓዴ ሆነና «እንኳን ደህና ተመለሽ፣ ንጋት» የሚል ጽሑፍ መጣ።

አቶ ሙሉሃብት ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበቡ። ከዚያ ባለሙያውን፣ ከዚያ ዘበኛውን፣ ከዚያ ልጅቱን አዩ።

«መድረኩ አይሳሳትም» አሉ።

«እንግዲያው ጌታዬ» አለ ጋሽ የሻው፣ «ንጋት እኔ ከሆንሁ፣ በሩን ከነገ ጀምሮ ማን ይጠብቅ?»

ይህ በሌላ አጀንዳ እንደሚታይ ተነገረው። ቄስ ገብረ ዮሐንስ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። የምስክር ወረቀቱ የአካውንቱ ባለቤት ተጣርቶ እስኪታወቅ በርእሰ መምህሩ ቢሮ እንዲቀመጥ ታዘዘ። በሰው ስም የገባችው ልጅ ደግሞ በመጣችበት መኪና ወደ ጋሸና እንድትመለስ ተባለ።

ይማርሽ የንጋትን እጅ እንደያዘች ነበር። ውሳኔው በጽሑፍ ሳይደርሳት ልጅቱን ከትምህርት ቤቱ ግቢ እንደማታስወጣት ለአቶ ሙሉሃብት በትሕትና ነገረቻቸው። አቶ ሙሉሃብት በብዙ ነገር ሊቆጡ ይችላሉ፤ ጉዳይ በጽሑፍ ይሁን የሚል ሰው ግን ከቶ ተቆጥተው አያውቁም። እሽ አሉና ወረዱ።

ንጋት በይማርሽ ቤት ተቀመጠች። ደብዳቤው የመጣው በአሥራ ሰባተኛው ቀን ነው። የዞኑና የወረዳው ማኅተም አለበት። በተማሪ ንጋት አረጋ ስም ገብታ ልትማር የሞከረች አንዲት ልጅ በመድረኩ ንቃት እጅ ከፍንጅ መያዟን አትቶ፣ ለሌሎች መቀጣጫ ይሆን ዘንድ በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ተይዛ «አስተማሪ እርምጃ እንዲወሰድባት» ያዝዛል። አስፈጻሚዋ የክፍሉ መምህርት ናት።

አባቷ አረጋ ልጁን ወደ ጋሸና ሊመልሳት መጥቶ ነበር። ቄስ ገብረ ዮሐንስ ደብዳቤውን አነበቡለት። አረጋ ማኅተሙን አይቶ፣ መንግሥት እርምጃ ውሰዱ ካለ እኔ ምን እላለሁ አለና ለቀለቧ ጥቂት ሽሮ ሰጥቶን ሄደ።

መምህርት ይማርሽ የበላይ አካል ትእዛዝ ሳይሸራረፍ ሲፈጸም ያየሁባት የመጀመሪያዋ ሰው ናት። በማግሥቱ ጠዋት ንጋትን ከፊት ረድፍ፣ ጥቁር ሰሌዳው ሥር አስቀመጠቻትና እርምጃውን በክፍልፋይ ጀመረች። ሰኞ ሒሳብ፣ ማክሰኞ አማርኛ፣ ረቡዕ ሳይንስ እያለች፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት፣ አንድ ቀን ሳታጓድል እስከ ሰኔ ድረስ ወሰደችባት። በዓመቱ መጨረሻ ወረዳው የአፈጻጸም ሪፖርት ጠየቀን። ጸሐፊው እኔ ስለሆንሁ ቃሉን አስታውሰዋለሁ፦

«የታዘዘው አስተማሪ እርምጃ ሙሉ በሙሉ ተወስዶባታል፤ ልጅቱም ተምራለች።»